ንጉሡ የሚመጣበት ቀን

ደብረ ታቦር፣ መስከረም 1981 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሳቪትሪ፣

ባለቤትሽ ሚስተር ናየር ማረፋቸውን የነገርሽኝ ደብዳቤ ደረሰኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። በአማርኛ የምጽፍልሽ በእንግሊዝኛ ማዘን ስላልቻልኩበት ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ በእንግሊዝኛ በታይፕ የመታሁት ሁሉ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ቃል አላስተማረኝም። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔው ነኝና ቀስ እያልሽ አንብቢው።

«ዘንድሮ በዓላችንን ኦናምን አላከበርኩም፤ ከእንግዲህም ለማን ብዬ?» ብለሻል። እሱን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥኩ። ሰሞኑን በትንሽ በትልቁ ይደክመኛል፤ ያን ዕለት ግን ድካሙ ሌላ ነበር። ከዚያ ያ የጳጉሜ ሩፋኤል ትዝ አለኝ፣ ጓድ ደምሴ ግቢያችን የመጣበት። አንቺ ያን ቀን የምታውቂው ግማሹን ነው። በአማርኛ የተባባልነውን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽና ስትጠሪኝ መምጣት አልፈለግሁም ነበር። ፈንታሁንን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱብኝ ጥቂት ወር ሆኖት ነበር። አንድ ልጄ የት እንዳደረ ሳላውቅ ምን በዓል አለኝ? ከተማው ደግሞ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ይላል። ጠዋት ሰልፍ ልምምድ፣ ከሰዓት አጥር በኖራ መቀባት። በገበያው በር ከወሎ በኩል የመጡት ረሃብተኞች ተኮልኩለው ተቀምጠው ነበር፤ በዓሉ ሲቃረብ ከመንገድ ዳር አንሥተው ከኋላ ወዳለው ሜዳ ወሰዷቸው።

አንቺ ግን ከንጋት ጀምሮ ደጃፍሽ ላይ ተንበርክከሽ አበባ ትደረድሪ ነበር። መሐሉን አደይ፣ ዙሪያውን ሐምራዊ ማገጥ፣ ዳሩን የግራር ቅጠል። ክብ አድርገሽ ስትሠሪው አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ቀዳዳ ያይሻል። ሚስተር ናየር ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ወገባቸው ላይ አገልድመው የኮባ ቅጠል ያጥባሉ። ኮኮናት ቢጠፋ በሱፍ ተካሽው። ስኳሩን ከቀበሌ ሱቅ ከስንት ጊዜ ጀምረሽ እንዳጠራቀምሽው እኔ አውቃለሁ። ቅጠሉ መሬት ላይ ተነጥፎ ወጡን ሁሉ እሳቸው እየዞሩ ሲያወጡልን ጎረቤታችን ብዙነሽ በጆሮዬ፣ «ሥጋ የለበትም፤ ፆም ነው እንዴ? ደግሞስ ወንድ ልጅ ሲያሳልፍ ምን ይባላል?» አለችኝ። ስንት ወር ሳልስቅ ቆይቼ ሳቅሁ።

ጓድ ደምሴ የገባው ያኔ ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲገባ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታስታውሺያለሽ። ብዙነሽ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ቅጠሉ ላይ አኖረችው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይኼ ምን ስብሰባ ነው? በማን ፈቃድ ነው?» አለኝ።

«ስብሰባ አይደለም ጓድ፣ የአገራቸው የሕንድ በዓል ነው።»

«አበባውስ? ምልክት ነው እየተባለ ነው፤ ሰው ወሬ አምጥቶልኛል።»

ይኼኔ አንቺ፣ ነፍሴ፣ ደስ ብሎሽ፣ ያኔ ገና ከገበያ በለቀምሽው አማርኛ፣ «ንጉሥ! ዛሬ ንጉሥ ይመጣል!» አልሽው።

ሳቪትሪ፣ እስቲ አስቢው። ንጉሥ ከወረደ በአሥር ዓመቱ፣ የወረደበት በዓል ሊከበር ቀናት ሲቀሩት፣ የውጭ አገር ሰው ቤት ሰው ሰብስቦ ንጉሥ ሲጠብቅ ተገኘ! አንቺን ቢበዛ ከአገር ያስወጡሽ ነበር። እኔንና ብዙነሽን ግን የት ያደርሱን እንደነበር እኔና እሷ እናውቀዋለን። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የምን ንጉሥ ነው የሚመጣው?» አለ።

ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ የአዝመራ በዓል ነው፣ የገበሬ ነው ልለው። ግን በጣም ደክሞኝ ነበር። ለልምምድ መቆሙ፣ ማጨብጨቡ፣ ልጄ በደህና አለ እያሉ ሰውን ማሳመኑ፣ ሁሉም አድክሞኝ ነበር። አፌ ውሸቱን እምቢ አለ።

«የጥንት ንጉሥ ነው» አልኩት። «በሱ ዘመን የሚራብ ሰው አልነበረም አሉ። አማልክት ቀኑበትና ከምድር በታች አወረዱት። ሲወርድ አንድ ነገር ለመናቸው፤ በዓመት አንድ ቀን መጥቼ ሕዝቤን ልየው ብሎ። ዛሬ ነው ቀኑ።»

አበባውን ዞር ብሎ አየና፣ «ታዲያ ሲመጣ ጠግበው ያገኛቸዋል?» አለኝ።

«የሌለውም ቢሆን ያን ቀን እንደምንም ብሎ ይበላል፤ አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ደጁን በአበባ ያሳምራል። ንጉሡ ሲያያቸው እንዳይከፋው ነው።»

አንቺ የተናገርነውን ለማወቅ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለሽ። ጓድ ደምሴ ለበዓሉ በኖራ የተቀባውን አጥር አየ። እጁ ላይ ኖራ ደርቆበት ነበር።

«እኛም እኮ» ብሎ ጀመረና ተወው። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ሌላ ሰው ቢጠይቅዎ የአዝመራ በዓል ነው ይበሉ» አለኝ።

ሚስተር ናየር ምንም ሳይሰሙ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ አንድ ቅጠል አንጥፈው «ጋሼ፣ ቁጭ በሉ» አሉት። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነውን ሰውዬ ጋሼ ሲሉት እሱም ፈገግ አለ። ተቀመጠ። ጠዋት ምንም ያልቀመሰ ሰው አበላል ነበር የበላው። ሲወጣ አበባውን እንዳይረግጥ ግድግዳውን ታክኮ ሄደ። በማግስቱ «ምን ተባባላችሁ?» ስትዪኝ «ምግቡን ወደደው» ብዬ አለፍኩሽ። ከዚያ በላይ ብነግርሽ ትፈሪ ነበር።

እናንተ ወደ አገራችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ፈንታሁን ሞተ ብዬ በአጭሩ ጽፌልሽ ነበር። እንዴት እንደሆንኩ ግን አልጻፍኩልሽም። መርዶው ከመጣ በኋላ ባለው እንቁጣጣሽ በሬን ቀረቀርኩ። ልጃገረዶቹ አበባቸውን ይዘው መጥተው አንኳኩ፤ ጠሩኝ፤ እኔ ከውስጥ ትንፋሼን ውጬ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ቀረቀርኩ። ያን ጊዜ ማንም አላንኳኳም። እየዘፈኑ መጡና እኔ ቤት ሲደርሱ ዝም አሉ፤ አልፈው እንደገና ጀመሩ። ሳቪትሪ፣ ከመርዶው ቀጥሎ የከበደኝ ያ ዝምታ ነው።

ዘንድሮ በሩን ከፍቼ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ተጽናንቼ አይደለም። ያን ዝምታ ደግሜ መስማት ስላልቻልኩ ነው። ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ዋጡ።

«እናንተ ልጆች!» ብዬ ተጣራሁ።

ትልቋ ፈራ ተባ እያለች፣ «እትዬ፣ ሐዘን ላይ ነዎት ብለውን ነው» አለችኝ።

«ነኝ» አልኳት። «ቢሆንም ግቡ።»

ገብተው ዘፈኑ፤ መጀመሪያ በቀስታ። እኔ እንባዬ ሲመጣ እርስ በርስ ተያዩና ቆም አሉ። «አታቋርጡ፣ እኔ ይኸው እንዲሁ ነኝ፤ እናንተ ቀጥሉ» አልኳቸው። ቀጠሉ።

ስለዚህ አክብሪ አልልሽም፣ እህቴ። በርሽን ብቻ አትቀርቅሪው። እያለቀስሽም ቢሆን የሚመጡት ይግቡ።

ሐዘንሽ ሐዘኗ የሆነው፣
ያንቺው ትርንጎ