የሕሙማንን ውጤት ቆልፈው ይልኩ የነበሩት ባልደረባችን በድንገት ተለዩን

የላቦራቶሪያችን የመረጃ መላኪያ ክፍል ኃላፊ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሥራ ገበታቸው እንዳሉ በድንገት ማረፋቸውን ለሠራተኞቻችን፣ አብረውን ለሚሠሩ ክሊኒኮችና ለተገልጋዮቻችን በሙሉ ስንገልጽ፣ የጻፍነውን እኛው ራሳችን ማመን እያቃተን ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት በር ላይ ሰላም የተባባልናቸው፣ ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም ብለው እያማረሩ አብረውን ደረጃ የወጡ ሰው ናቸው። አመመኝ አላሉም። ደከመኝም አላሉም።

አዲስ ለገቡ ሠራተኞች ሁለት ኮምፒውተሮች መረጃ ከመለዋወጣቸው በፊት እንዴት እንደሚተዋወቁ በስብሰባ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ እያስረዱ ሳለ፣ «ቆዩ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አሉ። ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሐኪሞቻችን ከላይኛው ፎቅ እየሮጡ ወረዱ። የሚቻለው ሁሉ ተደረገ፤ አልሆነም። የከተማው ሰው ደም በሙሉ በእጃችን እያለፈ፣ ሐኪምና መሣሪያ በሞላበት ሕንጻ ውስጥ፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ሕመም አላየነውም። ይህ ተቋም እስካሁን የቆመው በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ነው።

ባልደረባችን ላቦራቶሪውን በፕሮግራም ባለሙያነት የተቀላቀሉት በ1998 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የምርመራ ውጤት ከእኛ ወደ ክሊኒኮች የሚሄደው እንደተጻፈ፣ ገላጣውን ነበር። መስመሩ ላይ መግባት የቻለ ሰው ሁሉ የታማሚውን ስም ከነበሽታው ሊያነብ ይችል ነበር። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም ነበር፤ የምናውቀውም «ማን የሰው ውጤት ያነባል?» እያልን አልፈነዋል።

በ2000 ዓ.ም. አንዲት ልብስ ሰፊ እንግዳ መቀበያችን ድረስ መጡ። «ውጤቴን ልሰማ ነው የመጣሁት። ጎረቤቴ ግን ቀድማኝ ሰምታለች» አሉ። ነገሩ ሲጣራ፣ የታከሙበት ክሊኒክ ከሕንጻው ሱቆች ጋር አንድ ኔትወርክ ይጋራ ነበርና ውጤታቸው እዚያ ተነቧል። ያን ዕለት ባልደረባችን ሴትየዋን ወደ ክፍላቸው አስገብተው በሩን ዘግተው አብረዋቸው ተቀመጡ። ስለምን እንደተነጋገሩ ለማንም አልተናገሩም። ሲወጡ ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ያን ሳምንት የያዙትን ሌላ ሥራ ሁሉ አቆሙ።

በ2001 ዓ.ም. ዛሬም የምንሠራበትን የውጤት መላኪያ ፕሮግራም ጽፈው አስረከቡን። ፕሮግራሙ አንዲት ቃል ከመላኩ በፊት ሁለቱ ወገኖች መተዋወቅ አለባቸው፤ ላቦራቶሪው ላቦራቶሪ፣ ክሊኒኩም ክሊኒክ መሆኑን የኮምፒውተር መታወቂያ በሆነው ሰርተፍኬት ያረጋግጣሉ። ከዚያ ለዚያች ጊዜ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ይስማማሉ። ውጤቱ በዚያ ቁልፍ ተመስጥሮ ይሄዳል፤ በመሃል የጠለፈው ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ኮተት ነው። ማንነቱ ካልተረጋገጠ ግን ፕሮግራሙ አይልክም፣ አይቀበልም። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ባለፉ ቁጥር «ቆልፉ!» ስለሚሉ «እትዬ ቆልፉ» የሚል ስም ወጣላቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ኋላ ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው «አቤት፣ ቆልፉ ነኝ» ይሉ ጀመር።

በ2009 ዓ.ም. የሆነውን ሳንገልጽ ብናልፍ እሳቸውን አልገለጽናቸውም። አንድ ጠዋት ከከተማ ዳር ያለው የወሊድ ክሊኒክ ኮምፒውተር የእኛን ሰርተፍኬት አልቀበልም አለ። ምጥ ላይ ያለች እናት የደም ውጤት እየተጠበቀ ነበር። የወቅቱ ሥራ አስኪያጅ ማረጋገጫውን ለዛሬ ብቻ እንዲያነሱት አዘዙ። ባልደረባችን አላነሱም፤ ስልኩን አንስተው ድምፃቸውን ለሚያውቋቸው አዋላጅ ነርስ የዚያችን እናት ውጤት ራሳቸው አነበቡላቸው። ሥራ አስኪያጁ ተገርመው «ታዲያ ምስጢሩ የት ሄደ?» ሲሏቸው፣ «ምስጢር የምንጠብቀው ለሰው ነው። ሰውየዋ ከሞተች ለማን ልጠብቅ?» አሉ። የቀሩትን ውጤቶች በፖስታ አሽገው በላቦራቶሪው መኪና ይዘው ሄዱ።

ክሊኒኩ ደርሰው ኮምፒውተሩን ሲያዩት፣ በመብራት መቆራረጥ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሯል። ቀኑን በዓመታት አሳስቶ ስለሚቆጥር የእኛ ሰርተፍኬት የሚጸናበት ቀን ገና ያልደረሰ፣ ለእሱ ገና ያልተወለደ ነበር። ሌባም ሰላይም አልነበረም። ሲመለሱ ሾፌሩ «ለአንድ ሰዓት ብለው ነው እንዴ ከተማውን ያዞሩኝ?» ብሎ ቢስቅ አብረውት ሳቁ። ከዚያ፣ «ዛሬ ሰዓት ነው። ነገ ሌባ ይሆናል። ፕሮግራሙ ሁለቱን በመልክ አይለያቸው፣ እኔም አልለያቸው» አሉት። እናትየዋ በሰላም ተገላገለች።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍሉን በኃላፊነት መርተዋል፤ የክሊኒኮችን ሠራተኞች በየቦታው እየዞሩ አሠልጥነዋል። ቁጣቸው ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ ነበር። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ የለጠፈ ሠራተኛ፣ ወረቀቱን ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል። የበታቾቻቸውን «ልጄ» እያሉ ይጠሩ ነበር፤ የተሳሳተ ፕሮግራም የጻፈውን ግን ልጅም ቢሆን አይምሩም ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ውጤት ሳይቋረጥ ለሁሉም ክሊኒኮች ደርሷል። መርዶውን ያልሰሙ አንዲት የክሊኒክ ኃላፊ ደውለው እትዬ ቆልፉን እንዲያገናኟቸው ጠየቁ። የስልክ ክፍል ባልደረባችን «የሉም» ብላ ዘጋች፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን ስልክ ማንሳት አልቻለችም። ክፍሉን ምክትላቸው ተረክበዋል፤ አገልግሎታችንም ይቀጥላል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለእህቶቻቸው፣ ከጎናቸው ሆነው ለሠሩ ባልደረቦቻቸውና ለክሊኒኮቻችን ሠራተኞች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ልጆቻቸው እናታቸው እዚህ ምን ትሠራ እንደነበር ጠይቀውናል፤ ቤት ውስጥ ስለ ሥራ አያወሩም ነበርና። ይህን መግለጫ ረዘም አድርገን የጻፍነው ስለዚህም ነው።

በዚያው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ለወላጅ እናታቸው መርዶውን ያደረስነው ሥራ አስኪያጃችንና ሁለት የክፍሉ ባልደረቦች ነን። እማማ በሩን ከፍተው አስገቡን፤ ሰምተውን ሲያበቁ አላለቀሱም። «ተሳስታችኋል፤ ጠዋት ደውላልኝ ነበር እኮ። ለምሳ እመጣለሁ ብላኛለች» አሉን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ነበር። ተቀመጡ ብለው ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ሳህን አወጡልን፤ ማናችንም አይሆንም ማለት አልቻልንም።

የላቦራቶሪው አመራርና ሠራተኞች