በር የሌለው ክፍልህ

አንተ ጩኸታም ወንድሜ፣

እዚህ በረሃ የኤሌክትሪክ ሥራ ከያዝክ ወዲህ ለእረፍት ቤት በመጣህ ቁጥር በር ማንኳኳት ትተህ «ልግባ ወይ!» እያልክ ስትጮህ፣ እማዬ «አንተ ልጅ፣ እጅህን ምን ነካው?» ትልህ ነበር። እኔም ያ በረሃ አመሉን አበላሸው እያልኩ ስቄብሃለሁ። ይቅርታ። ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ የተከራየህበት ግቢ ውስጥ ካሉት ዘጠኝ ክፍሎች አንዱም በር የለውም፣ ሁሉም በመጋረጃ ነው። ትናንት ከአጎታችን ጋር ዕቃህን ልንወስድ ስንመጣ የአከራይህን መጋረጃ አንኳኳሁ። መጋረጃ ሲንኳኳ አይተህ ታውቃለህ? ቢቸግረኝ ግድግዳውን ደበደብኩት፤ ምርጊቱ ጫማዬ ላይ ረገፈ።

«ይሄ ደግሞ የማን ቤት አፍራሽ ነው?» አሉ አከራይህ ከውስጥ። ወጥተው ሲያዩኝ ሳቃቸው መጣ። «ወንድሙ ነህ! እሱም የመጣ ሰሞን ግድግዳዬን ጨርሶት ነበር። መጮህ እስኪለምድ ሁለት ወር ፈጀበት፤ ዓይን አፋር ነበር እኮ!»

አንተ ዓይን አፋር! ለካ እኛ ዘንድ የሚሳቅብህ በእነሱ አመል፣ እነሱ ዘንድ የሚሳቅብህ በእኛ አመል ነበር።

የፖስታ ካርዱ ቦታ ስላለቀ ጠርዙ ላይ አጨናንቄ ነው የምጽፈው፦ እማዬ ስምህን ስትጠራ ነው የምትውለው፣ እኔም ናፍቀኸኛል። ትናንት ክፍልህ ሳንገባ መሽቶ፣ አጎታችንም ሥራ ጠርቶት ማታውኑ ስለተመለሰ ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከሞትክ ወዲህ ክፍልህ የገባ ሰው የለም። ጠዋት መጋረጃህ ፊት ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ልግባ ወይ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤትህ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሳያቆም «ግባ!» አለኝ።

ገባሁ።