ራሱ ከፍ ያለው አልጋ

የካቲት 3
ዛሬም አልጋ የለም ተባለ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞልቷል። ታካሚዬ ዳቦ ጋጋሪው እኛው ጋ ድንገተኛ ክፍል፣ በሩ ሥር፣ በማሽን እየተነፈሰ ተኝቷል። አስም ነው... ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ሲስብ ኖሮ።
ነርስ ጓደኞቼ «የኛ ሥራ ተቀብሎ ማስተላለፍ ነው፤ አፍ ማጠብ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው» ይላሉ። ጥሩ። ለጀርሙም ይንገሩልኝ፣ ሰውየው እስኪዛወር እንዲታገሥ።
የአፉ ጀርም ወደ ሳንባው እንዳይወርድ አፉን አጸዳሁ። የአልጋውን ራስ ከፍ አደረግሁ፤ ከሆዱ የሚመለሰው ወደ ሳንባው እንዳይገባ።

የካቲት 4
እንግዶች ሊመጡ ነው። «የሳንባ ምች መከላከል ሳምንት»። በሩ ላይ ጨርቅ ተሰቀለ፦ ሳይቃጠል በቅጠል።
አለቃችን ከፍ ዝቅ ያለ ነገር ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ውሃልክ ያልናት ለዚሁ ነው፤ ግንበኛ ብትሆን ስንቱ ቤት በቀና ነበር!
«አልጋዎቹ እኩል ይሁኑ። ፎቶ ላይ አንዱ ተነሥቶ ሌላው ተኝቶ ያስጠላል።»
«ሲስተር፣ ማሽን ላይ ያለ ሰው ዝርግ ብሎ ከተኛ ሳንባው ይታመማል እኮ።»
«እሱን ነገ ስብሰባ ላይ እናነሣዋለን።»
እስከ ነገ ሳንባው ምን ይሁን?

የካቲት 5
ስብሰባ። ርዕሱ፦ ነርስ ማሽን ላይ ካለ ታካሚ ለምን መራቅ እንደሌለባት። ሁላችንም ከታካሚዎቻችን ርቀን አዳመጥን። ግማሽ ቀን።
ስመለስ የጋጋሪው አልጋ ዝርግ ብሏል። ደሜ ፈላ። ውሃልክ ናት ብዬ ልሮጥ ስል...
«እኔ ነኝ እህቴ» አለች ሚስቱ። «አንገቱ ዘመም ሲልብኝ አሳዘነኝ። ሰው ተቀምጦ ይተኛል?»
ነገሩን አስረዳኋት። «ወይኔ! በገዛ እጄ ልገድለው ነበር?» ብላ ፊቷን ሸፈነች። አይዞሽ አልኳት። እሷስ በፍቅር ነው።

የካቲት 6
አተኮሰው። አክታውም ወፈር ብሏል። ሐኪሙ «የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» አለ። ለሰው አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፦ ፈርቻለሁ። በጣም።

የካቲት 7
እንግዶቹ መጡ። ውሃልክ ቀድማ ገብታ አልጋውን ዝቅ ልታደርግ ማዞሪያውን ጨበጠች። እኔም ጨበጥኩ።
«ልቀቂ!»
«አልለቅም።»
«እንግዶቹ ገቡ እኮ!»
«ይግቡ።»
ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ አንድ ብረት ላይ ተንጠልጥለን... ቀና ስል እንግዶቹ በር ላይ ቆመዋል። አንደኛው «ምን እያሳያችሁን ነው?» አለ።
ውሃልክ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ «የቡድን ሥራ» አለች።
አጨበጨቡልን። ፎቶም አነሡን። ጸጉሬ ተንጨባሮ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ ብላ። አልጋው ግን እንደ ተነሣ ቀረ።

የካቲት 8
ሌላ ሰው እንዳይነካው ሚስቱ ማዞሪያው ላይ ነጠላዋን ጠምጥማ አጠገቡ ተቀምጣለች። ትኩሳቱ ግን አለ። አፉን ሳጸዳ ፊቱን ያኮሳትርብኛል። ያኮሳትር።

የካቲት 10
ትኩሳቱ ለቀቀው። የሳንባው ራጅም ንጹሕ ነው አሉ። መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ምን ሆኜ ነው?

የካቲት 12
የማሽኑ ቱቦ ከጉሮሮው ወጣ! ጋጋሪው ዓይኑን አዙሮ አዙሮ እኔ ላይ አሳረፈው። ምስጋና መስሎኝ ጠጋ አልኩ።
«አንቺ ነሽ... አፌን... ስትቆፍሪ የከረምሽው?»
«እኔ ነኝ።»
«ክፉ ሴት!»
ሚስቱ በድንጋጤ አፉን በእጇ ልትይዝ ቃጣት። ከለከልኳት። እንዲህ የጣፈጠኝ ስድብ የለም። ድገመው ልለው ነበር፤ ትንፋሽ እንዳያጥረው ብዬ ተውኩት። አሁን የሚተነፍሰው ራሱ ነዋ።