ቀዩ የውስጥ ልብሴ ሳይከተፍ ይመለስልኝ

ለተከበሩ አቶ ቶክጎ፣ የሹራብ ጨርቅ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዴጉ ከተማ

ክቡርነትዎ በዚህ ብርድ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ጉ ማልሱን፣ ከገበያው ጀርባ ብቻዬን የምኖር ባልቴት፣ በጋዜጣ ላይ ለመጻፍ የደፈርኩት በስልክም በቢሮም የሚሰማኝ ስላጣሁ ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ።

1. ልጄ ራንሂ በመጀመሪያ ደመወዟ፣ እንደ ወጋችን፣ ለእናቷ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀይ የብርድ የውስጥ ልብስ ገዛች፤ የእናንተ ሥራ ነበር። «እማዬ፣ ሳጥን ውስጥ ቀብረሽ እንዳታስቀምጪው፣ ልበሺው» ብላኝ ለበስኩት። ጥጥ ነው ስላላችሁን፣ እናቴ ጥጥ ስታጥብ እንደማውቀው፣ በሳሙና ውኃ እያንተከተክሁ ቀቀልኩት። ላስቲክ ክር እንዳለበትና እንዳይቀቀል የሚናገረው ጽሑፍ ከቁንጫ ዓይን ያንስ ነበር፤ ቀለም ስለ መቆጠባችሁ አመሰግናለሁ።

2. ጉልበቱ ተንዘርጥጦ ሲቀር እንዲጠገን ላኩላችሁ። ባለሙያዎቻችሁ የሹራብ ጥጥ ሲስቡት ይለጠጣል እንጂ በራሱ ደህና አድርጎ እንደማይሰበሰብ፣ የሚሰበስበው ላስቲኩ እንደሆነ፣ ላስቲኩን ደግሞ የፈላ ውኃ እንደሚገድለው በደብዳቤ አስተማሩኝ። በዚህ ዕድሜዬ አስተማሪ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሌላ የሚጽፍልኝ ስለሌለም ደጋግሜ አነበብኩት።

3. ከትምህርቱ ጋር አዲስ ልብስ መጣልኝ፤ አሮጌው ግን የለም። ብደውል አንዲት ሠራተኛችሁ «እማማ፣ እሱ እኮ ሰኞ ተከትፎ ፍራሽ መሙያ ይሆናል። አዲስ ተሰጥቶዎት የለ? ያ ቡትቶ ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። ራንሂ ባለፈው በልግ ሞታለች። የቀረ ልብሷን አማቾቿ፣ የሟች ልብስ ይቃጠላል በሚለው ደንባችን፣ አቃጠሉት። እሷ በእጇ መርጣ የሰጠችኝ ያ ቡትቶ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሲበርደኝ እሱን ስለብስ ብቻዬን መሆኔ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከሰኞ በፊት ከክምሩ ውስጥ እንዲፈለግልኝ ያዝዙልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እንደተንዘረጠጠ ይምጣልኝ፣ ጥገናውንም ትቼዋለሁ። እስኪገኝ ድረስ ከፋብሪካችሁ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቤት የሚጠብቀኝ የለምና ስለ እኔ አይቸኩሉ።

ውድ ጊዜዎን በማባከኗ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ የድሮ ደንበኛዎና አዲሷ ተማሪዎ፣
ጉ ማልሱን

ማሳሰቢያ፦ አዲሱን ልብስ በስምዎ በፖስታ መልሼዋለሁ። ልጅዎ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛልዎ ካለ፣ አደራ፣ እንዳይቀቅሉት። ካልገዛልዎ ይሄንን ይልበሱት።