የአሮጌው ትያትር ቤት ካርድ

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ዛሬም አባባ እሺ አላሉኝም። ለምሠራው የአዲስ ዓመት ካርድ የቀረው የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የምትል አንዲት መስመር። ብራና ሲጽፉ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፊደል ሁሉ ሞከርሁ፣ ከፎቶው ጋር አልሄደም።

ፎቶው የከተማችን አሮጌ ትያትር ቤት ነው። ያነሣሁት እኔው ነኝ፤ አሁንም ሳየው አፌን ያስከፍተኛል። ባዶ መድረክ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የገባ ፀሐይ፣ ብርሃኑ ውስጥ የተንሳፈፈ አቧራ።

ተማሪ ሳለሁ እዚያ መድረክ ላይ ተውኜ ነበር። አባባ አልመጡም። ሰዎች «የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነች» ብለዋቸው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ትያትር ተነሥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ጉድ ሠራሁ። ናሙና ወሰድሁላቸው፣ «ትያትር ቤት» የሚለውን በቀይ አሳትሜ። ያማረ መስሎኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀይ የማን ስም እንደሚጻፍበት አንቺም ረሳሽው?»

የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን። ልጅ ሆኜ ቀለሙን የምበጠብጥላቸው እኔ ነበርሁ። በጣም አፈርሁ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከዓርብ በላይ አይጠብቀኝም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

በጥቁር አሳትሜ ተመለስሁ። ካርዱን ይዘው በሐይቁ በኩል ወዳለው መስኮት ሄዱ፤ ብዙ ቆዩ።

«ይህን መብራት ማን አበራው?»

ፀሐይ ናት፣ ጣራው ተበስቷል አልኋቸው። ካርዱን መለሱልኝ። ከዚያ፣ «ነገ ውሰጅኝ።» ጆሮዬን አላመንሁም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

የትያትር ቤቱ ዘበኛ በሩን ከፈተልን። አባባ ደፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም ልላቸው ነበር፤ ቀና ብለው ያን ብርሃን ሲያዩ ሳይ ተውሁት። እኔም አወለቅሁ።

«የት ላይ ነበር የቆምሽው?»

አሳየኋቸው። «እስኪ ውጪና ቁሚ» ብለው የፊቱን ወንበር በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ተቀመጡ። የያኔው ተውኔት ቃል ግማሹ ጠፍቶብኛል። ያስታወስሁትን አልሁ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ።

«ከፍ አድርጊው ልጄ፣ ጆሮየ ደክሟል።»

ከፍ አደረግሁት። እንዲያ የፈራሁበትና እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ስጨርስ አላጨበጨቡም። ካርዱን ተቀብለው እዚያው ጉልበታቸው ላይ ጻፉልኝ፣ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል። ብዕሩን ከደኑና ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ «ያኔ መጥቼ ቢሆን ደኅና አድርጌ እሰማሽ ነበር።»