ለፓኮው የሰፋሁት ኮት

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለእታለም።

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካለፈኝ አልናገረውም። ባለፈው ደብዳቤዬ «አባዬ ሲጋራ ሊተው ነው» ያልኩሽ ያን ጊዜ እውነት ነበር። አሁን ግን እውነት አይደለም። እንደገና የባሰበትም በእኔ እጅ ነው። እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ መቆሙን እግርሽ ለመደልሽ? ያ የጥርስ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በአንድ በኩል ነው የምታኝኪው? አብራሽ የምታድረው ልጅስ ዛሬም በእንቅልፏ ታወራለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም ልልሽ ነበር። የጎደለ ነገር ስላለ ግን አልዋሽሽም።

እንደምታውቂው ሲጋራ ላይ ግብር ተጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ፓኮውም ተለወጠ። ያ ወርቃማ ጽሑፍ ጠፍቶ በሁለቱም በኩል ፎቶ መጣበት፤ በአንዱ የጠቆረ ሳንባ፣ በሌላው ጉሮሮው የተበሳ ሰውዬ። አባዬ መጀመሪያ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ፓኮውን እየደፋ ማስቀመጥ ጀመረ። ቢደፋውም ያው ነው፤ ሰውዬው ሲደፋ ሳንባው ብቅ ይላል። ትንሿ እህታችን ሚጢ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ጥያቄዋ ግን የሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ፓኮውን አገላብጣ አይታ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆች አሉት?» አለችው። «እኔ እንጃ» አላት። «ካሉትስ በምኑ ይጠራቸዋል?» አለች ጣቷን ቀዳዳው ላይ አድርጋ። አባዬ ማኘኩን አቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፓኮው ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ። ኪሱ ውስጥ እንዳይደብቀው ሚጢ ለከረሜላ ብላ ኪሱን ትፈትሻለች። ዋጋውም አለ። «መንግሥት በኪሴ መጣ፣ ይቺ ደግሞ በሆዴ መጣችብኝ፤ በየት በኩል ልለፍ?» እያለ ለእማዬ ሲያማርር ሰምቻለሁ። በቀን አንድ ፓኮ የማይበቃው ሰው አንዱን ለሦስት ቀን ማብቃቃት ጀመረ። ያ «የሳጋቱራ ብናኝ ነው» የሚለው ሳሉ ቀነሰ። የአናጢነት ሥራው ግን ያው ነው፣ ሳጋቱራውም አልቀነሰም። የምሥራቹን የጻፍኩልሽ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጋሽ ሜትር ቤት ስፌት መማሬን ታውቂያለሽ። ልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው እንዲህ የሚሏቸው፤ ሐኪም ቤት እንኳ ይዘውት ሄደው ሐኪሙን ትከሻውን ለክተውታል ይባላል። አንድ ደላላ መጣና ፓኮውን ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሮ «ጋሽ ሜትር፣ እባክዎ ለዚህ ኮት ይስፉለት፤ ሲጋራ ባወጣሁ ቁጥር ይሄ ሰውዬ እያፈጠጠብኝ ጭሱ አልወርድ አለኝ» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እርሳቸውም ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ለዚህስ ያንቺ ጣት ነው የሚሆነው» አሉኝ።

እታለም፣ መቼም ታውቂኛለሽ። ሰው ሲጠራኝ እንኳ ደንግጬ ነው አቤት የምለው። ትምህርቱንም የተውኩት ተነሥተሽ አንብቢ ስባል ፊደሉ ሁሉ እየጠፋኝ ነው። አቀርቅሬ ስሰፋ ግን ሰው የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። ለፓኮው ልክ የሚሆን ኮት ቆረጥኩ፣ ጠርዙን ዘመዘምኩ፣ ትንሽ ወፍም ጠለፍኩበት። ደላላው ወደደው። በማግስቱ ጓደኛውን አመጣ፤ ጓደኛውም ሌላ አመጣ። «የወፏ ልጅ የት አለች?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። በዕድሜዬ ሰው ፈልጎኝ ሲመጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታው ዓይኔን ጋረደኝና የምሸፍነው ምን እንደሆነ አንድም ቀን አላሰብኩም።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፤ ለአባዬም ሰፋሁለት። ጨርቁ ትተሽው የሄድሽው ሰማያዊ ቀሚስሽ ነው። ሳላስፈቅድሽ ነው የቀደድኩት፤ ይቅር በይኝ። አባዬ «የልጄ እጅ፣ የልጄ እጅ» እያለ ለሠፈሩ ሁሉ አሳየ። ፓኮው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ሚጢም ወፏን ትዳብሳለች እንጂ ስለ ሰውዬው መጠየቅ ተወች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለሦስት ቀን የነበረው ፓኮ ለአንድ ቀን ሆነ። ተወደደ ሲባል «ከምሳዬ እቀንሳለሁ» ይላል።

ባለፈው ሰኞ ከባልደረባው ጋር በር ተሸክመው በስፌት ቤቱ በኩል ሲያልፉ በመስኮት አየሁት። መሐል መንገድ ላይ በሩን አጋደሙትና አባዬ በላዩ ተቀመጠ። ሲያስል ትከሻው ይዘላል። ሰው በሩን እየዞረ ያልፋል። ባልደረባው «ምን ውጭ ያስቀምጥሃል፣ ግባ እንጂ፣ በሩ ክፍት ነው» ብሎ ቀለደበት። አባዬ ሊስቅ ሞከረ፣ ሳሉ ቀደመው። እኔ የነቃሁት መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ነው።

ቤት ስገባ ኮቱን መልስልኝ አልኩት። «በሰጠሽኝ እጅሽ ልትቀሚኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ወደ ጓዳ ገባሁ። እማዬ ደግሞ «ተዪው፣ አመል የሚወጣው ከነፍስ ጋር ነው» አለችኝ። እስኪወጣ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነው እንግዲህ? እኔ አልጠብቅም።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይሄው ነው። ደላላው «ግብር ሲጋራ አስጥሎ አያውቅም፤ ሰው የለመደውን ከልጁ አፍ ነጥቆም ይገዛል» ይላል። ሌላው «ፎቶ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ይላል። ጋሽ ሜትር «እኛን ግን አበላን» ሲሉ ይሳቃል። እኔ እንዳቀረቀርኩ በልቤ እመልስላቸዋለሁ። ፎቶው ካልሠራ ለምን ታስሸፍኑታላችሁ? ለማይከብደው ነገር መጋረጃ የሚያሰፋ ሰው የት አለ? ሁሉም ይተዋል አልልሽም። እኛ ሠፈር እንኳ ተሸካሚው አሁን በነጠላ፣ አንድ አንድ ሲጋራ ነው የሚገዛው፣ ፓኮውን አያየውም፤ ሆኖም በቀን አሥር ያጨስ የነበረው ዋጋው ሦስት ላይ አቁሞታል። ዘበኛው ርካሽ የትምባሆ ቅጠል እየጠቀለለ ነው፤ እሱን ግብሩም ፎቶውም አልነኩትም። ባለሱቋ ግን ምን አለችኝ መሰለሽ፤ በሳምንት ያልቅላት የነበረው ካርቶን አሁን ወር ይገፋል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እያዋጡ ይገዙ የነበሩት ጎረምሶችም ዋጋውን ጠይቀው ብስኩት ይዘው ይሄዳሉ። ሕጉ ሁሉን ሰው አይዝም። አባዬን ግን ይዞት ነበር፤ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ።

ትናንት አንድ ነጋዴ ስልሳ የፓኮ ኮት አዘዘ። ጋሽ ሜትር ጨርቁን ቆርጠው፣ ቆልለው የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጠውልኛል። «ይህን ከጨረስሽ ቅድ አስተምርሻለሁ» ብለውኛል። ልብስ በልክ መቁረጡን፣ ቅድን ያወቀ የራሱን ቤት ይከፍታል፤ ያላወቀ ዕድሜውን የሰው ልብስ ጠርዝ ሲዘመዝም ይኖራል። ይህችን ቃል ስንት ወር እንደጠበቅኳት ላንቺ አልነግርሽም። እምቢ ካልኩ ያባርሩኝ ይሆናል። ያባርሩኝ። እኔ አንገቴን የምደፋው ለመርፌው ነው፤ ለሌላ አይደለም።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ወፍራም ካልሲ ሳታደርጊ እንዳትወጪ ብላለች። ሚጢ የወለቀ ጥርሷን በደብዳቤው ውስጥ ላኪልኝ ብላ ስታለቅስብኝ ነበር፤ በጥርስሽ ላይ ጥርስ አልጨምርብሽም ብዬ ከለከልኳት። አባዬ ሰላም ይልሻል፤ ምን እንደጻፍኩልሽ ግን አያውቅም። አብራሽ ለምታድረው ልጅም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ነገ ቁርስ ላይ አባዬ ኮቱን ከኪሱ ሲያወጣ እጄን እዘረጋለሁ። በሩ ላይ ተቀምጦ ሲያስል እንዳየሁትም እነግረዋለሁ፤ አይቼው እንደነበር አያውቅም። እምቢ ቢለኝ ማታም እዘረጋለሁ፣ ከነገ ወዲያም እዘረጋለሁ። ከዚያ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ እንደ ወትሮው ሰው ሳይመጣ ተሽሎክሉኬ ሳይሆን ደላላውም ነጋዴውም በተሰበሰቡበት ሰዓት። ጨርቁን ከመኪናዬ ላይ አንሥቼ ጋሽ ሜትር ጠረጴዛ ላይ እመልሰዋለሁ። «ሱሪ ቢሰጡኝ እሰፋለሁ፣ ሸሚዝ ቢሰጡኝ እሰፋለሁ፤ ይህን ግን አልሰፋም» እላቸዋለሁ። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ይንቀጥቀጥ፤ እስክጨርስ ድረስ ግን አልቀመጥም።

ታናሽ እህትሽ፣
ከቤታችን