ባሮ ሲሞላ «ዝቅተኛ» ስለሚለው ድረ ገጽ

ለክቡር የወንዝ ዳር መረጃ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ሙቀቱ እንዲቀልልዎ፣ ወባውም ደጅዎን እንዳይረግጥ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እስከ ግንቦት ድረስ የማዕከልዎን አነስተኛ ሰርቨር በኮንትራት ስጠብቅ የነበርኩት ሳሚያ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የባሮን የውሃ ከፍታ ለጀልባ ነጂዎችና ለወንዝ ዳር ነዋሪዎች የሚያሳውቀው ድረ ገጽ የሚሠራበት ሰርቨር ሲቀየር፣ ሊኑክስ ከተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት በየትኛው ዓይነት ይሠራ የሚለውን ለመወሰን ስብሰባ መጥራትዎ ይታወሳል። እኔም ዴቢያን የተባለውን ዓይነት፣ ያውም የተረጋጋውን ዕትም አቀረብኩ፤ ለዓመታት የደህንነት ጥገና ብቻ እየተላከለት ሌላው ነገር ሳይነካ ስለሚቆይ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማችን እፎይ የሚያሰኝ እሱ ነው ብዬ። ክቡርነትዎ ግን «አሮጌ ነገር ተሸክመን ዘመናዊ ተቋም አንባልም» ብለው፣ በየዕለቱ ሁለመናውን በአዲስ የሚተካውን መረጡ፤ ተጨበጨበልዎም። ስጋቴን በጽሑፍ ባቀርብ፣ በማዕከሉ ሳይታደስ የቀረው የእኔ ኮንትራት ብቻ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሰርቨሩ ማንም ሳያዘው እንደ ልማዱ ራሱን አደሰ፤ የውሃው ልክ የሚመዘገብበት አዲሱ የመረጃ ቋትም ከድረ ገጹ ጋር ሳይግባባ ቀረ። ከላይኛው ወንዝ ውሃውን እየለካ በስልክ የሚልከው ውሃ ለኪው ጋትዌች ልኩን ደጋግሞ ቢልክም አንዱም አልገባም። ድረ ገጹ ጨርሶ ቢጠፋ ሰው በተጠራጠረ ነበር፤ እሱ ግን ከዝናቡ በፊት የነበረውን ልክ ይዞ፣ በአረንጓዴ ቀለም «ዝቅተኛ» እንዳለ ቆመ። ጋትዌች ወደ ማዕከሉ ሲደውል፣ ድረ ገጹ እስከተከፈተ ድረስ ችግር እንደሌለ ተነገረው። እኔም ደጅዎ ድረስ መጣሁ፤ ጥበቃው ሠራተኛ አለመሆኔን በትሕትና አስታወሰኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር የምትኖረው ዓሣ ነጋዴዋ ኛኮንግ ደወለችልኝ።

«ሳሚያ፣ ስልኩ ውሃ ዝቅ ብሏል ይላል፤ እኔ ግን ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ነኝ» አለችኝ።

ድምጿ አልተጨነቀም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ከጉልበቷ ይልቅ ስልኩን ልታምን ጥቂት ቀርቷት ነበር። ልጆቿን ይዛ እንድትወጣ ለመንኳት፤ ወጣች። ወንድሟ ቾል ግን ጊዜ ያለው መስሎት የታሰሩትን ፍየሎች ሊፈታ ተመለሰ። ጀልባ ነጂዎች ቀናት ፈልገው ወደ ኢታንግ በሚወስደው በኩል ሸንበቆ ውስጥ አገኙት። ቀበርነው።

ሦስተኛ፣ ከቀብሩ በኋላ ማዕከልዎ ባወጣው መግለጫ፣ ድረ ገጹ በአደጋው ዕለት «ያለ መቆራረጥ አገልግሎት ሰጥቷል» መባሉ ፍጹም እውነት ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእርግጥ ለአፍታም አላቋረጠም።

የነሐሴው ዝናብ ገና እየመጣ ነው። ሰርቨሩም ዛሬ ራሱን እያደሰ ነው፤ ነገ ምን እንደሚሰብር እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። የተረጋጋውን ለመጫን ግማሽ ቀን ይበቃኛል፤ ደመወዝም ሆነ ጭብጨባ አልጠይቅም፤ በሩን ብቻ ያስከፍቱልኝ።

ረጅም ዕድሜዎን፣ ከዚያም ይልቅ የጎረቤቶችዎን ዕድሜ የምትመኝ፣
አክባሪዎ ሳሚያ ሙስጠፋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወንዝ ዳር ሰዎች ግንድ ተክለው ቀይ መስመር ቀብተውበታል፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ሁሉም ሰፈሩን ለቆ ይወጣል። ጀልባ ነጂውን ቴኒን የመስመሩን ከፍታ በምን እንደለካው ብጠይቀው፣ ከማዕከልዎ ደጃፍ ጋር አስተካክሎት መሆኑን ነገረኝ። ትናንት ውሃው ከመስመሩ በታች አንድ ክንድ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስንዝር ቀርቶታል። እርስዎ ግን አይደንግጡ፤ ድረ ገጽዎን ይመልከቱ።